ከውሃ እስከ ዘር ውርስ፦ የባዮሎጂን መሠረት በሙዝ፣ በሄሞግሎቢንና በአተር መማር

ባዮሎጂን የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፈው በስም ብዛት ነው። ፎስፎሊፒድ፣ ራይቦሶም፣ ኮዶን፣ ሆሞዛይገስ እያለ ይሸመድዳል፤ ፈተናው ሲያልፍ ሁሉም ይጠፋበታል። በዚህ መመሪያ በየደረጃው የምትይዙት አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ነገር ከውሃ ጋር ሲገናኝ ምን ይሆናል? ይሟሟል ወይስ ይሸሻል? ቻርጅ አለው ወይስ የለውም? ከሙዝ ውስጥ ዲኤንኤ የሚወጣበት መንገድም፣ በአንድ ፊደል ለውጥ ቀይ የደም ህዋስ ቅርጹን የሚያጣበት ምክንያትም፣ የሜንዴል አተር የተጨማደደበት ሰበብም የሚገባችሁ በዚሁ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ውሃው

የውሃ ሞለኪውል አንድ ኦክስጅንና ሁለት ሃይድሮጅን ነው። ኦክስጅኑ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ስለሚስብ በእሱ በኩል ትንሽ ኔጋቲቭ፣ በሃይድሮጅኖቹ በኩል ትንሽ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይኖራል። ስለዚህ የአንዱ ሞለኪውል ፖዘቲቭ ጎን የሌላውን ኔጋቲቭ ጎን ይስባል። የሃይድሮጅን ቦንድ የሚባለው ይህ ነው። እንደ ገበታ ጨው ያለ ቻርጅ ያለው ነገር ውሃ ውስጥ ሲገባ ሞለኪውሎቹ ከበውት ይሟሟል። ዘይት ግን ውሃው የሚይዝበት ቻርጅ ስለሌለው ተገፍቶ አንድ ላይ ይሰበሰባል። ከህዋስ ክብደት 70 በመቶ ገደማው ውሃ ስለሆነ በውስጡ ያለው ሁሉ ለዚህ ሕግ ይገዛል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በአንድ የውሃ ሞለኪውል ውስጥ ኦክስጅኑን ከሃይድሮጅኑ ጋር የሚያስረው ኮቫለንት ቦንድ ነው፤ እሱ ጠንካራ ነው። የሃይድሮጅን ቦንድ በአንዱ ሞለኪውልና በጎረቤቱ መካከል ያለው ደካማ መሳሳብ ነው። የዲኤንኤ ሁለቱ ክሮች የተያያዙትም በዚህ ደካማ ቦንድ ነው፦ ከአራቱ የዲኤንኤ ፊደሎች ኤ ከቲ ጋር በሁለት፣ ጂ ከሲ ጋር በሦስት። ደካማነቱ ጠቃሚ ነው፤ ህዋሱ ዲኤንኤውን ሲቀዳም ሆነ ሲያነብ ክሮቹን መክፈት መቻል አለበት።

የህዋስ ትልልቅ ሞለኪውሎች አራት ዓይነት ናቸው። ከካርቦሃይድሬት ወገን ነጠላ ስኳር በቀላሉ ይሟሟል፤ በብዛት ተቀጣጥሎ ስታርች ሲሆን ግን በቀዝቃዛ ውሃ አይሟሟም። ይህን ልዩነት ያዙት፣ አተሩ ጋ ስንደርስ እንፈልገዋለን። ፎስፎሊፒድ የሚባለው የቅባት ዓይነት ውሃ የሚወድ ራስና ውሃ የሚሸሹ ሁለት ጅራቶች አሉት፤ ውሃ ውስጥ ሲሆን ጅራት ከጅራት ተገጣጥሞ ድርብ ሽፋን ይሠራል፣ የህዋስ ሽፋን ማለትም ይኸው ነው። ፕሮቲን ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች የሚሰካካ ሰንሰለት ነው፤ ውሃ የሚሸሹት አሚኖ አሲዶች በአብዛኛው ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፣ ቻርጅ ያላቸው ወደ ውጭ ይቀራሉ። ዲኤንኤና አርኤንኤ ደግሞ ኒውክሊክ አሲዶች ናቸው። ጀርባቸው ስኳርና ፎስፌት እየተፈራረቀ የተሠራ ነው፣ እያንዳንዱም ፎስፌት ኔጋቲቭ ቻርጅ ይይዛል።

ከሙዝ ዲኤንኤ ማውጣት

ፍሪድሪክ ሚሸር እ.ኤ.አ. በ1869 ቱቢንገን ውስጥ ከቁስል ፋሻ ላይ በሰበሰባቸው ነጭ የደም ህዋሶች ውስጥ ፎስፈረስ የበዛበት አዲስ ነገር አገኘና ኑክሊን ብሎ ሰየመው። ዛሬ ዲኤንኤ የምንለውን ነበር ያገኘው። እናንተ በወጥ ቤት ዕቃ የምትሠሩት የዚያኑ ሥራ ቀላል መልክ ነው።

የሚያስፈልገው፦

- በደንብ የበሰለ ግማሽ ሙዝ፣ 50 ግራም ገደማ። ያልበሰለው የህዋስ ግድግዳው ጠንካራ ነው፣ ስታርችም ይበዛበታል። እንጆሪ ካገኛችሁ ይበልጥ ይመረጣል፤ የተለመደው የእርሻ እንጆሪ በአንድ ህዋስ 8 የክሮሞዞም (የተጠቀለለ የዲኤንኤ ክር) ስብስብ፣ በድምሩ 56 ክሮሞዞም አለው።
- 90 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ 3 ግራም ጨው (ግማሽ የሻይ ማንኪያ ልክ)።
- 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ኤታኖል፣ ወይም አይሶፕሮፒል አልኮል። በደንብ ክደኑትና በበረዶ ውስጥ አቀዝቅዙት። በቀላሉ ስለሚቀጣጠል እሳት ባለበት ክፍል አትሥሩ።
- የሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት፣ የቡና ማጥለያ ወረቀት ወይም ስስ ጨርቅ፣ ጠባብና ረጅም ብርጭቆ ወይም የሙከራ ቱቦ፣ ቀጭን እንጨት።

አሠራሩ፦

1. ውሃውን፣ ሳሙናውንና ጨውን ቀላቅሉ። በቀስታ አማስሉት፤ አረፋ ከወጣ መጨረሻ ላይ ክሩን ይሸፍንባችኋል።

2. ሙዙን በከረጢቱ ውስጥ እብጠት እስከማይቀርበት ድረስ 2 ደቂቃ እሹት። የእፅዋት ህዋስ ከሽፋኑ ውጭ የሴሉሎስ ግድግዳ አለው፤ ሳሙና ያንን አይነካውም፣ የሚሰብረው የእጃችሁ ጉልበት ነው።

3. ከቀላቀላችሁት ፈሳሽ 50 ሚሊ ሊትር ጨምሩና ለ5 ደቂቃ በቀስታ አገላብጡት። ሳሙናም እንደ ፎስፎሊፒድ ውሃ የሚወድ ጫፍና ውሃ የሚሸሽ ጅራት አለው። ጅራቱ በሽፋኑ ጅራቶች መካከል ገብቶ ድርብ ሽፋኑን ይበታትነዋል፤ የህዋሱም፣ ዲኤንኤው ያለበት የኒውክለሱም ሽፋን በዚህ ይከፈታል። ከዚህ በኋላ በኃይል አትነቅንቁ። ዲኤንኤ በጣም ረጅምና ቀጭን ስለሆነ በግርግር ይቆራረጣል፣ አጫጭር ቁርጥራጭም በእንጨት አይጠቀለልም።

4. ከረጢቱን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ፣ ቀጥሎ በበረዶ ውስጥ ለ5 ደቂቃ አስቀምጡ። ህዋሱ ሲፈርስ ዲኤንኤን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችም (ሥራ የሚያከናውኑ ፕሮቲኖች) አብረው ይለቀቃሉ። ሙቀቱ የብዙዎቹን ቅርጽ ያበላሻል፣ ቅዝቃዜው የቀሩትን ያዘገያል። የፈላ ውሃ ግን አትጠቀሙ፤ ሙቀቱ ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጋ የሃይድሮጅን ቦንዶቹ ይላቀቁና ሁለቱ ክሮች ይለያያሉ።

5. በወረቀቱ ወይም በጨርቁ አጥሉት። አትጭመቁት፣ በራሱ ይውረድ። ከጨመቃችሁት የሙዙ ሥጋ አብሮ ያልፍና ፈሳሹ ይደፈርሳል።

6. ከተጣራው 5 ሚሊ ሊትር ወደ ቱቦው ጨምሩ። ቱቦውን አዘንብላችሁ 10 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ አልኮል በግድግዳው ላይ በቀስታ አፍስሱ። አልኮል ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ይተኛል፤ ሁለቱ ንብርብሮች ተለይተው መታየት አለባቸው።

7. ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሳትነኩት ጠብቁ። በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ነጭ ክር መሰል ነገር ይታያል። እንጨቱን እዚያው አስገብታችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አዙሩት።

የሥራው ልብ ስድስተኛው እርምጃ ነው። ዲኤንኤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ውሃው ፎስፌቶቹን ስለሚከባቸው ነው። ጨው ስንጨምር ፖዘቲቭ የሆነው ሶዲየም በአካባቢው ይበዛል፤ ነገር ግን ውሃው ሶዲየሙንም ፎስፌቱንም ለየብቻ ከብቦ ያራርቃቸዋል። አልኮል እንደ ውሃ ቻርጅ ለይቶ የመያዝ አቅም የለውም። እሱ ሲገባ ሶዲየሙና ፎስፌቱ ይጣበቃሉ፣ የዲኤንኤው ኔጋቲቭ ቻርጅ ይሸፈናል፣ ክሮቹ መገፋፋታቸውን ትተው ይሰባሰቡና ከፈሳሹ ይወጣሉ።

የአልኮሉ ጥንካሬ ወሳኝ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። 5 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ላይ 10 ሚሊ ሊትር የ95 በመቶ አልኮል ቢጨመርና ቢቀላቀል 63 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ይህ በቂ ነው። በ70 በመቶ የእጅ ማጽጃ አልኮል ግን 47 በመቶ ገደማ ላይ ይቀራል፣ አብዛኛው ዲኤንኤም እንደሟሟ ይቆያል። ምንም ክር ካልታየ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ነው፤ ቀጥሎ ሙዙ በደንብ አለመታሸቱን፣ ከዚያም አልኮሉ በፍጥነት ፈሶ ከታችኛው ፈሳሽ ጋር መቀላቀሉን።

አንድ ነገር በግልጽ መታወቅ አለበት፦ በእንጨቱ ላይ የጠቀለላችሁት ንጹህ ዲኤንኤ አይደለም። አርኤንኤ፣ ፕሮቲንና ፔክቲን አብረውት አሉ። ፔክቲን የፍራፍሬን ህዋሶች የሚያያይዝ ካርቦሃይድሬት ነው፣ እሱም በአልኮል ይረጋል፤ አረፋ የቋጠረ፣ ዝልግልግ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ይታያል። ክር ሆኖ የሚሳበውና ነጣ ያለው ክፍል ዲኤንኤ የበዛበት ነው። ፕሮቲኑን ለመቀነስ አልኮሉ ከመግባቱ በፊት ጥቂት ጠብታ ትኩስ የአናናስ ጭማቂ ጨምራችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ በውስጡ ያለው ብሮሜሌን ፕሮቲን ይቆርጣል። የታሸገ አናናስ አይሠራም፣ ሲታሸግ ሙቀት ስላለፈበት ኢንዛይሙ ሞቷል።

ሙከራው ትምህርት እንዲሆን ከፈለጋችሁ ጎን ለጎን ሌላ ቱቦ ያለ ሳሙና፣ ሦስተኛ ቱቦ ያለ ጨው ሥሩ። ያለ ሳሙናው ቱቦ ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ያለ ጨው በተሠራው ላይ ግን ልዩነቱ ደብዛዛ ቢሆን አትገረሙ፤ ሙዝ ራሱ ፖታሲየምና ሌሎች አዮኖች አሉት።

የዲኤንኤ ድርብ ክር ውፍረቱ 2 ናኖ ሜትር ብቻ ነው። ለዓይን የሚታያችሁ እጅግ ብዙ ክር ስለተጠላለፈ ነው። በአንድ የሰው ህዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ ርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል።

ፊደሉን ማንበብ

የዲኤንኤ መልእክት በአራት ፊደል ይጻፋል፦ ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ። የሰው የቤታ ግሎቢን ጂን፣ ማለትም የሄሞግሎቢን አንዱ ሰንሰለት የሚሠራበት መመሪያ፣ በኮዲንግ ክሩ (ከሁለቱ ክሮች የመልእክቱን ፊደል የያዘው) ላይ ከ5 ፕራይም ወደ 3 ፕራይም (የክሩ ሁለት ጫፎች ስሞች ናቸው) ሲነበብ እንዲህ ይጀምራል፦

ኤቲጂ - ጂቲጂ - ሲኤቲ - ሲቲጂ - ኤሲቲ - ሲሲቲ - ጂኤጂ - ጂኤጂ - ኤኤጂ

መጀመሪያ የተሰጣችሁ ክር የትኛው እንደሆነ ለዩ። ኮዲንግ ክሩ ከሆነ ቲውን በዩ (በአርኤንኤ ውስጥ የቲን ቦታ የሚይዝ ፊደል) መተካት ብቻ ነው፣ ፕሮቲን የሚሠራበት ቅጂ፣ መልእክተኛው አርኤንኤ፣ ወጣ። ቴምፕሌት ክሩ (ተጓዳኙ፣ አርኤንኤው የሚቀዳበት) ከተሰጣችሁ ግን ኤን በዩ፣ ቲን በኤ፣ ጂን በሲ፣ ሲን በጂ ትቀይራላችሁ፤ አቅጣጫውም ስለሚገለበጥ ከ3 ፕራይም ጫፍ ትነሳላችሁ። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ኤዩጂ ፈልጉና ከእሱ ጀምሮ ሦስት ሦስቱን ቁረጡ፤ እያንዳንዱ ሦስት ፊደል ኮዶን ይባላል። በመጨረሻ የኮዶን ሰንጠረዡን ክፈቱ። ከ64ቱ ኮዶኖች 61ዱ አሚኖ አሲድ ይጠራሉ፤ ዩኤኤ፣ ዩኤጂና ዩጂኤ «አቁም» ይላሉ። ሰንጠረዡ የሚነበበው በመልእክተኛው አርኤንኤ ፊደል ነው። በአንቲኮዶን (የኮዶኑ ተጓዳኝ ሦስት ፊደል) ወይም በቴምፕሌቱ ፊደል ያነበበ ሰው ሙሉ በሙሉ ሌላ ፕሮቲን ያገኛል፤ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ስህተት ይህ ነው።

ከላይ ያለው ሲነበብ ሜታዮኒን፣ ቫሊን፣ ሂስቲዲን፣ ሉሲን፣ ትሪዮኒን፣ ፕሮሊን፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ ላይሲን ይሆናል። የመጀመሪያው ሜታዮኒን በኋላ ስለሚቆረጥ በተለምዶ ቆጠራው ከቫሊን ይጀምራል፤ በዚህ አቆጣጠር የመጀመሪያው ግሉታሚክ አሲድ 6ኛ ነው። ሜታዮኒንን ቆጥሮ 7ኛ የሚል ጽሑፍ ብታዩ የሚያወራው ስለዚያው ቦታ ነው።

አሁን በ6ኛው ኮዶን ላይ ለውጥ እያደረጋችሁ ተለማመዱ።

ጂኤጂ ወደ ጂኤኤ ቢቀየር አሁንም ግሉታሚክ አሲድ ነው፤ ፕሮቲኑ ላይ ለውጥ የለም። ወደ ቲኤጂ ቢቀየር «አቁም» ይሆንና ሰንሰለቱ እዚያው ይቋረጣል። የመጀመሪያዋ ጂ ጨርሳ ብትጠፋ ቀሪው ኤጂጂ - ኤጂኤ እያለ ይነበባል፣ ሁለት አርጂኒን ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባል። ሦስት ፊደል አንድ ላይ ቢጠፋ ግን ንባቡ ወደ መስመሩ ይመለሳል፣ የሚጎድለው አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። ሦስት ፊደል መጥፋት ከአንድ ፊደል መጥፋት የቀለለ ጉዳት የሚያመጣበት ጊዜ የሚኖረው ለዚህ ነው።

ጂኤጂ ወደ ጂቲጂ ሲቀየርስ? በግሉታሚክ አሲድ ቦታ ቫሊን ይገባል። ወደ ውሃው ጥያቄ ተመለሱ፦ ግሉታሚክ አሲድ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለውና ውሃ ይወዳል፤ ቫሊን ቻርጅ የለውም፣ ውሃ ይሸሻል። ቦታው ደግሞ በሄሞግሎቢን ውጫዊ ገጽ ላይ ነው። ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን ሲለቅ ይህ ቫሊን በሌላ ሄሞግሎቢን ላይ ካለ ውሃ ሸሽ ጎድጓዳ ቦታ ጋር ይጣበቃል፤ እንዲህ እየተቀጣጠሉ ረጅምና ግትር ክር ይሠራሉ፣ ቀይ የደም ህዋሱም ወደ ማጭድ ቅርጽ ይጎብጣል። ሲክል ሴል የሚባለው በሽታ ይህ ነው። ላይነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1949 የታማሚዎቹ ሄሞግሎቢን በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ከጤናማው በተለየ ፍጥነት እንደሚሄድ አሳዩ፤ ፍጥነቱን የለየው የቻርጁ ልዩነት ነበር።

የተጨማደደው አተር

ግሬጎር ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመው ጽሑፍ ክብና የተጨማደደ የአተር ፍሬን ያነጻጽራል። ብዙ መማሪያ «ክብ ዶሚናንት ነው፣ የተጨማደደ ሪሴሲቭ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ማለትም ሁለቱ ሲገናኙ የሚታየው ክቡ ነው። ለምን የሚለውን ካላወቃችሁ ግን ዶሚናንት ማለት «ኃይለኛ» ይመስላችኋል፤ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች የተጨማደደው አተር ውስጥ አንድ ጂን መካከል 800 ገደማ ፊደል ገብቶ እንዳበላሸው አገኙ። ጂኑ የሚሠራው የስታርችን ሰንሰለት ቅርንጫፍ የሚያስወጣ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ ከሌለ ስታርች በበቂ አይሠራም፣ ስኳር ይጠራቀማል። ስኳር ደግሞ ይሟሟል፤ የተሟሟ ነገር የበዛበት ህዋስ በኦስሞሲስ ተጨማሪ ውሃ ይስባል፣ ፍሬውም እያደገ ሳለ ይነፋል። ሲደርቅ ያ ውሃ ይወጣል፣ የተለጠጠው ቆዳ ይጨማደዳል።

እያንዳንዱ አተር ከየወላጁ አንድ አንድ የጂን ቅጂ ይይዛል። እንግዲህ ክብ ዶሚናንት የሆነው አንድ ጤናማ የጂን ቅጂ በቂ ኢንዛይም ስለሚሠራ ነው። የተበላሸው ቅጂ ማንንም አያሸንፍም፣ በማንም አይሸነፍም፤ ዝም ብሎ አይሠራም። የሚገርመው ደግሞ፣ ከሁለቱም አንድ አንድ ቅጂ የያዘ አተር ውጪው ክብ ቢሆንም የስታርች ቅንጣቶቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ በሁለቱ መካከል ያለ መልክ አላቸው። ዶሚናንስ በምን ደረጃ ላይ እንደምታዩት ይለያያል።

ጤናማውን ቅጂ ክ፣ የተበላሸውን ጭ እንበልና እንቁጠር። ክክ ከጭጭ ቢዳቀል ልጆቹ ሁሉ ክጭ ናቸው፣ ሁሉም ክብ። ክጭን ከክጭ ስታዳቅሉ መጀመሪያ የምትጽፉት የመራቢያ ህዋሶቹን ነው። ሜዮሲስ፣ ማለትም የመራቢያ ህዋስ የሚወጣበት ክፍፍል፣ የክሮሞዞምን ቁጥር በግማሽ ስለሚቀንስ (አተር 14 አለው፣ የመራቢያ ህዋሱ 7) እያንዳንዱ ህዋስ ክ ወይም ጭ ይይዛል እንጂ ሁለቱን አይይዝም። የአንዱን ወላጅ የመራቢያ ህዋሶች ከላይ፣ የሌላውን ከጎን ጽፋችሁ ልጆቹን በሳጥን ትሞላላችሁ። በሳጥኑ ጠርዝ ላይ «ክጭ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ከመጀመሪያው ተሳስቷል። ሳጥኑ ሲሞላ 1 ክክ፣ 2 ክጭ፣ 1 ጭጭ ይወጣል፤ በመልክ 3 ክብ ለ1 የተጨማደደ።

የፍሬው ቅርጽ የፅንሱ እንጂ የእናት ተክሉ ባህርይ እንዳልሆነ አስተውሉ። በአንድ ቆባ ውስጥ ያሉ አተሮች እያንዳንዳቸው የተለያዩ ልጆች ናቸው፤ የክጭ ተክል ቆባ ሲከፈት ክብና የተጨማደዱ አብረው ይገኛሉ። ትውልድ ስትቆጥሩ ይህን ከዘነጋችሁ በአንድ ትውልድ ትሳሳታላችሁ።

አንድ ክብ አተር ክክ ይሁን ክጭ ለማወቅ ዘርታችሁ ተክሉን ከጭጭ ጋር አዳቅሉት። አንድ የተጨማደደ ልጅ ከታየ ክጭ ነው፣ ጉዳዩ አለቀ። 10 ልጆች ሁሉም ክብ ከሆኑ ክክ ነው ለማለት ጥሩ መሠረት አላችሁ፤ ክጭ ሆኖ 10ሩም ክብ የመሆን ዕድሉ ከ1024 አንድ ነው።

ሁለት ባህርይ አንድ ላይ ሲመጣ የ16 ክፍል ሳጥን ከመሙላት ይልቅ ማባዛት ይሻላል። ሁለት ክጭ፣ በቀለምም ሁለት ቅይጥ የሆኑ ተክሎች (ቢጫ በአረንጓዴ ላይ ዶሚናንት ነው) ሲዳቀሉ ክብ የመሆን ዕድል 3/4፣ ቢጫ የመሆን 3/4 ስለሆነ ክብና ቢጫ 9/16 ነው። ሌሎቹም በዚሁ መንገድ 3/16፣ 3/16፣ 1/16 ይወጣሉ። ይህ የሚሠራው ሁለቱ ጂኖች በተለያየ ክሮሞዞም ላይ ሲሆኑ፣ ወይም በአንዱ ላይ በጣም ተራርቀው ሲገኙ ነው።

3 ለ1 የዕድል ስሌት ስለሆነ 4 አተር ብትቆጥሩ በትክክል 3ና 1 ላይወጣ ይችላል። ሜንዴል 5474 ክብና 1850 የተጨማደደ ቆጠረ፣ 2.96 ለ1። ይህ ለ3 ለ1 በቂ ቅርብ ነው? ድምሩ 7324 ነው፤ የሚጠበቀው 5493 እና 1831። በሁለቱም ላይ ልዩነቱ 19 ነው። ልዩነቱን በራሱ አባዙት፣ 361፤ ለየሚጠበቀው ቁጥር አካፍሉና ደምሩ፦ 0.066 ሲደመር 0.197፣ 0.26 ገደማ። ይህ የካይ ስኩዌር ዋጋ፣ ማለትም የተቆጠረው ከሚጠበቀው የራቀበት መለኪያ፣ ነው። ሁለት ምድብ ብቻ ሲኖር ወሰኑ 3.84 ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው። አራት ምድብ ላለው ለ9፣ 3፣ 3፣ 1 ወሰኑ 7.81 ይሆናል።

የእናንተ ቁጥር ከወሰኑ ካለፈ በመጀመሪያ ስሌቱን የሠራችሁት በመቶኛ ሳይሆን በተቆጠረው ቁጥር መሆኑን አረጋግጡ፤ በመቶኛ የተሠራ ካይ ስኩዌር ዋጋ የለውም። ቀጥሎ አመዳደባችሁን እዩ፣ ሳይበስል የተለቀመ ክብ አተርም ሲደርቅ ሊጨማደድ ይችላል። ሁለቱም ትክክል ከሆኑ ከአንዱ ምድብ የሞቱ ፅንሶች መኖራቸውን፣ ወይም ሁለቱ ጂኖች በአንድ ክሮሞዞም ላይ ተቀራርበው መቀመጣቸውን መርምሩ። ተቀራርበው ከሆነ የወላጆቹ ቅንጅት ከሚጠበቀው በላይ ይበዛል፣ አዲሶቹ ቅንጅቶች ያንሳሉ።